ባናው ያሳለፈው ብርሃን

«አራት! አሁንም አራት አለ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ ወንበር አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የሌዘሩ ቀይ ነጥብ ስድስተኛው ዓይን ላይ ቁጭ ብላለች፤ ማሽኑ ግን በግትርነት አራት ይላል። ሳሌምና ተገኘ ተማሪው ሁሉ ኳስ ሲያሯሩጥ እነሱ የደከሙበት ማሽን ነው። ሰሌዳው ላይ ብርሃን የሚያነቡ ስምንት ጥቃቅን ዳሳሾች ተደርድረዋል፤ እነሱ «ዓይኖች» ይሏቸዋል። የማሽኑ ሥራ ብርሃን የቱ ዓይን ላይ እንዳረፈ በቁጥር መናገር ነው። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ የሳይንስ ውድድር አለ፤ ያሸነፈ ክረምቱን ሙሉ ስልጠና ይገባል። ከትምህርት ቤቱ የሚሄደው ግን አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ሳሌም ደግሞ ይህን ስልጠና እንደሷ የፈለገ ሰው መንዝ ውስጥ ያለ አይመስላትም።

የፊዚክስ መምህሩ አፈወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሽቦውን የበየደው ማነው?»

የበየደው ተገኘ ነው።

«ሳሌም ናት ቲቸር» አለ ተገኘ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «እኔ ስሌቱን ነው የሠራሁት። እሷ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ነግሬያት ነበር።»

ስሌቱን የሠራችው ሳሌም ናት። ልጆቹ እጃቸውን እያንቀጠቀጡ ያሾፉባት ጀመር። «ውሸት ነው ቲቸር፣ እኔ...» ብላ ሳትጨርስ መምህሩ አቋረጧት።

«ይሄ ፍርድ ቤት አይደለም። ተገኘ፣ እስከ ዓርብ አስተካክለው። የምትሄደው አንተ ነህ።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ተገኘም ዝምተኛነቷን አይቶ ነው የነቀነቀው።

ሲወጡ ሮጦ ደረሰባት። «ሳሉ፣ ጨንቆኝ ነው እኮ። ቀለል አድርጊው በቃ።»

«ሙድ አትያዝብኝ» አለችውና ጥላው ሄደች።

ቤት ስትደርስ አልጋዋ ላይ ወጥታ የአባቷን ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ እስከ ራሷ ተከናንባ አለቀሰች። ይህ ባና የማሽኑ መሸፈኛም ነበር። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ ጨለማን ማንበብ አለበት፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዓይን በጨለማም ቢሆን የራሱን ትንሽ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር ካልተቀነሰ ልኬቱ ይዛባል። ለዚህ ሁለቱ ልጆች ባናውን ያለብሱታል። የመንዝን ውርጭ የማያሳልፍ ባና ብርሃን ያሳልፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ዓይኗን ስትገልጥ በቀኝ በኩል፣ ጠጉሩ በሳሳበት፣ የመስኮቱ ብርሃን እንደ ወንፊት ገብቷል። ብድግ አለች። ለካ ጨለማው ጨለማ አልነበረም! የቀኞቹ ዓይኖች ብርሃን እያዩ ጨለማ ነው ይላሉ፤ ማሽኑም ከነሱ ላይ አብዝቶ ይቀንሳል፤ ነጥቧም ወደ ግራ የሄደች ትመስለዋለች። መፍትሔው ባናውን ማጠፍ ነበር፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሳሌም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

ዓርብ ጠዋት ባናውን ይዛ ለመምህሩ ልትናገር ገባች። ተገኘ ከእጇ መንጭቆ እንደ ወትሮው ሳያጥፍ ማሽኑ ላይ ጣለው፤ ከዚያ ገልጦ ሌዘሩን አበራ። ነጥቧ ያረፈችበት ቁጥርና ማሽኑ የሚለው ቁጥር አንድ ሆኑ። ክፍሉ አጨበጨበ። ሳሌም ጠጋ ብላ ስታይ ግን ተገኘ ከዓይኖቹ ሥር የተለጠፈውን ባለ ቁጥር ወረቀት ልጦ አንሸራቶታል።

«ቲቸር፣ ወረቀቱን ነው እኮ ያንቀሳቀሰው! ስህተቱ አልጠፋም። ሌላ ቤት፣ ሌላ ብርሃን ውስጥ ሲገባ...»

«ሳሌም» አሉ መምህሩ፣ «ቅናት ደግ አይደለም።»

ክፍሉ በአንድነት «ኡኡ!» አለባት። ተገኘም አብሮ አለ። ያን ጊዜ ሳሌም ጠላችው፤ ከልቧ ጠላችው።

ቅዳሜ ጠዋት የተገኘ እናት እትዬ ጥሩሸዋ ልጃቸውን ሚኒባስ አሳፍረው ሲመለሱ በነሳሌም ደጅ ቆሙ። «ባናውን ያዋስሽው አንቺ ነሽ አሉ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ! ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ጉንጯን ሳሟት። ሳሌም «አሜን» አለች።

እኩለ ቀን ላይ ምስር ስትለቅም ስልኳ ጮኸ። ተገኘ ነው። አላነሳችም። ደግሞ ጮኸ። ቀጥሎ መልእክት ገባ፦ «ሳሉ በናትሽ አንሺ። ነጥቧ ሌላ ቦታ፣ ቁጥሩ ሌላ። ተራዬ ሊደርስ ነው። ሰው እየሳቀብኝ ነው።»

ሳሌም ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ባናውን እጠፈውና እንደገና አስነሳው» ብላ ጻፈች። ጣቷን መላኪያው ላይ አሳርፋ ቆየች። እትዬ ጥሩሸዋ ትዝ አሏት። ተገኘ እዚያ አዳራሽ መሃል ቆሞ ላቡን ሲጠርግም ታያት፤ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷ ደግሞ አስፈራት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ማነው እሱ? አንሺው እንጂ!» አለች እናቷ ከጓዳ።

የጻፈችውን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ አንድ በአንድ አጠፋችው።

«ማንም አይደለም እማ» አለችና ሰፌዱን ወደ ጭኗ ሳበች።