ሦስተኛው ጥሪ

ይርጋ ወፍ የሚጠራው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ የጫነውን የወፍ ድምፅ አንዴ ያሰማል፣ ይጠብቃል፤ ደግሞ ያሰማል፣ ይጠብቃል፤ በሦስተኛው ወፏ ከቅጠሉ ውስጥ ብቅ ካላለች ስልኩን ኪሱ ይከትና "ዛሬ እንግዳ አትቀበልም" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ወፍ ማስጎብኘት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ይህችን ሕግ አንድ ቀን አልጣሳትም። ምስኪኗ ፍጡር ጓደኛዬ ጠራኝ ብላ ስትባዝን መዋል የለባትም ባይ ነው። ድምፆቹንም አብዛኞቹን የቀዳቸው ራሱ ስለሆነ የየራሳቸው ጉድ አላቸው፤ አንዱ ላይ የእሱ ሳል አለ፣ የሐረና ጫካዋ ዘማሪ ወፍ ድምፅ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሾፌሩ ጋሽ ከድር የመኪናውን በር ድው አድርጎ ሲዘጋ ይሰማል።

በዚህ ጉዞ የያዛቸው እንግዳ አንድ ናቸው፣ ዶክተር ስንዱ። አርባ ዓመት ሙሉ ላምና በግ ሲያክሙ ኖረው ጡረታ ሲወጡ "አሁን ደግሞ የማይታመሙትን ልይ" ያሉ ሴት ናቸው። ሰው ሲጠሩ ከስሙ በኋላ "እህም" ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ጉዞው ከበረሃው ተነሥቶ በጫካው አልፎ ተራራው ላይ የሚያበቃ ነው፤ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ይርጋ ቢሾፍቱ ቤቱ መድረስ አለበት። አለበት ማለት አለበት ነው። ሚስቱ አስቴር ከምትሠራበት የአበባ እርሻ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አትወጣም፣ የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ናርዶስ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዋን ናት፣ ባለፈው ቅዳሜ ቀርቶባት አኩርፋው ነበር። "ላባ ይዤልሽ በአሥር ሰዓት በር ላይ ነኝ" ብሎ ምሎላታል።

ማክሰኞ ዕለት በረሃው ውስጥ፣ ሃላይደጌ ሜዳ ላይ ነበሩ። ሙቀቱ ከመሬት እየተነሣ ሩቁን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፣ የደረቀ ሣርና የግመል ሽታ ከአቧራው ጋር አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ነፋሱም እንደ ደከመ ሰው እያረፈ ነው የሚነፍሰው። ጠዋት ሰጎን አይተው፣ ዶክተር ተደስተው፣ ምሳ ተበልቶ፣ ይርጋ ለሽንት ብሎ ከአንዲት ግራር ጀርባ ሄደ። ቀበቶውን እያጠበቀ ሳለ ሰማ።

"ይርጋ! እህም።"

አቤት ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ድምፁ የመጣው መኪናው ከቆመበት ከኋላው አይደለም። ከፊት ለፊቱ፣ ቁጥቋጦ እንኳ ከሌለበት፣ ሰው ቢቆም ከአንድ ሰዓት መንገድ ከሚታይበት ባዶ ሜዳ ነው። የመንዝ ሴት የነበሩት እናቱ "ያላየኸው ሲጠራህ ሦስት ጊዜ ሳይሞላ አቤት እንዳትል፤ ሰይጣን ከሁለት ጊዜ በላይ አይጠራም" እያሉ ነው ያሳደጉት፤ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም ምላሱ ትእዛዙን አልረሳችም። ቆሞ ጠበቀ። ሁለተኛ ጥሪ አልመጣም። ሲመለስ ዶክተር ስንዱ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ያንኮራፋሉ።

"ጋሽ ከድር፣ ማን ነው የጠራኝ?"

"ፀሐይዋ ትሆናለች" አለ ጋሽ ከድር የሞተሩን ውኃ እየተመለከተ። "አንተ ልጅ፣ ባርኔጣ አድርግ ስልህ አትሰማም።"

ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ረቡዕን በመንገድ አሳለፉ፤ የሳነቴን ተራራ በዝናብ ተሻግረው፣ እሱን ለመመለሻቸው አቆይተው፣ ሐሙስ ጠዋት ሐረና ጫካ ገቡ። ጫካው ውስጥ ቀኑ ራሱ አረንጓዴ ነው። ዛፎቹ ከላይ ተያይዘው ሰማዩን ዘግተውታል፣ የሽማግሌ ጢም የሚመስለው የዛፍ ሽበት ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ ውኃ ያንጠባጥባል፣ የበሰበሰ ቅጠልና የጫካ ቡና አበባ ሽታ ተቀላቅሎ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ጋሽ ከድር መኪናው ዘንድ ቀረ፣ ሁለቱ በቀጭኑ መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ውስጥ ዘለቁ። ይርጋ ስልኩን አውጥቶ የዘማሪዋን ወፍ ድምፅ ሦስት ጊዜ አሰማ።

መልስ መጣ። ያው ዜማ፣ ያው አወራረድ፣ ከግራ በኩል ካለው ጥቅጥቅ ያለ ጥላ። ዶክተር ዓይናቸው አበራ። ዜማው ሲያልቅም፣ ከዚያው ከጥላው ውስጥ፣ የመኪና በር ድው ብሎ ተዘጋ።

መኪናው የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ በቀኝ በኩል ነው ያለው። "የሰሙትን የሚያስመስሉ ወፎች አሉ አይደል?" አሉ ዶክተር። "አዎ፣ አሉ" አለ። አሉም፤ ይህችኛዋ ግን ከእነሱ ወገን አይደለችም፤ ይህን ለዶክተር አልነገራቸውም።

ሲመለሱ እሱ ፊት፣ እሳቸው ኋላ ነበሩ።

"ይርጋ! እህም።" ትንሽ ቆየና፣ "ይርጋ! እህም።"

ዞር ሲል ዶክተር ሁለት እርምጃ ከኋላው ቆመው፣ ከንፈራቸው ገጥሞ፣ ግራ ተጋብተው ያዩታል። ድምፁ የመጣው ከእሳቸውም ኋላ ነው። አቤት አላለም። ሦስተኛ አልመጣም።

"አሁን ጠራኸኝ እንዴ?" አሉት ዶክተር በዝግታ። "ቅድም ወፏን ስንጠብቅም ከኋላዬ 'ዶክተር' ስትል ሰምቼህ ነበር። አንተ ግን ፊት ለፊቴ ነበርክ።"

"አልጠራሁዎትም።"

"እንግዲህ አርጅቻለሁ ማለት ነው" ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ምሳቸውን በወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው በሉ። ፍርሃት ሰውን ያስለፈልፋል፤ ይርጋም ያችን ቀን ለፈለፈ። እናቱ ያስተማሩትን ነገራቸው። አንዴ የጠራ፣ ሁለቴ የጠራ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ሦስቴ የጠራ ግን ሰው ነው። ቀጠለና ስለ ናርዶስም አወራ፤ አስቴር እስክትመጣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ እንደምትቀመጥ፣ ስሟን ሦስት ጊዜ ካልጠራት ለእሱም እንደማትከፍት፣ አንድ ቀን ሁለቴ ጠርቶ ቢያስነጥሰው ውጭ እንዳቆመችው፣ ላባ ቃል እንደገባላት። ዶክተር ስቀው "ብልህ ልጅ ናት" አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ይርጋ አውርቶ ሲጨርስ ነው ያስተዋለው፤ ጫካው ዝም ብሏል። ጉሬዛ የለ፣ ወፍ የለ፣ ነፍሳት እንኳ የሉ። የቅጠሉ ውኃ ብቻ ነበር የሚንጠባጠበው።

ሲነሡ እግሩ ሥር አንድ ረጅም ቀይ ላባ አገኘ። ደረቅ ነበር፣ በዚያ ሁሉ እርጥበት መሃል። ለናርዶስ ብሎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ አኖረው።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሳነቴ ነበሩ። ከዝርዝራቸው ለዶክተር የቀረቻቸው አንዲት ወፍ ናት፣ የደጋ ቆቅ። ጭጋጉ መኪናውን ከአፍንጫው ጀምሮ ውጦት ነበር፤ ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ያለው፣ ድምፅን ሳይቀር አፍኖ የሚይዝ ጭጋግ።

"ትናንት ጫካ፣ ዛሬ ጭጋግ" አለ ጋሽ ከድር መሪውን እየመታ። "ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ሆነብን እኮ! ዋ፣ እንዳትርቅ።"

"ሃምሳ እርምጃ" አለ ይርጋ።

ቆጥሮ ሄደ፣ ሃምሳ። አንድ ብቻውን የቆመ ጅብራ አገኘ፣ ግንዱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አናቱ ጭጋግ ውስጥ የገባ። ከሥሩ ቆሞ የቆቋን ድምፅ ሦስት ጊዜ አሰማ። የስልኩ ባትሪ ወደ ቀይ ወርዷል፣ ትናንት ቻርጅ አላገኘም። ቆቋ አልመለሰችም። ሊመለስ ሲዞር ከመኪናው አቅጣጫ ሰማ።

"ይርጋ! እህም።"

ቆመ።

"ይርጋ! እህም።"

ቆጠረ። ጭጋጉ ፊቱ ላይ ይንቀሳቀሳል። እባክዎ፣ አለ በሆዱ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይጨምሩ።

"ይርጋ! እህም።"

"አቤት!" አለ፣ ከደስታው ብዛት ጮኾ።

"አቤት ዶክተር፣ መጣሁ!" አለ ሌላ ድምፅ ከጭጋጉ ወዲያ።

የገደል ማሚቶ መሰለው። የገደል ማሚቶ ግን ያልተባለ አይጨምርም። መጣሁ አላለም እሱ። የራሱን ሳቅ ሰማ፣ የራሱን ጫማ ጠጠር ላይ ሲሮጥ ሰማ፣ ዶክተር "ቆቋስ?" ሲሉ፣ የራሱ ድምፅ "ዛሬ እንግዳ አትቀበልም" ሲል ሰማ። በሩ ድው ብሎ ተዘጋ። ሞተሩ ተነሣ።

"ጋሽ ከድር! ጋሽ ከድር! እኔ እዚህ ነኝ!"

ሮጠ። ሃምሳ እርምጃ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ። መንገዱ የለም። የሞተሩ ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ፊት ለፊቱ ጅብራ ቆሟል፤ ከሥሩ እርጥቡ መሬት ላይ የራሱ ጫማ ዱካ አለ። ደግሞ ሮጠ፣ በሌላ አቅጣጫ፣ ቁልቁለት የመሰለውን ይዞ፣ እጁን ድንጋይ እስኪልጠው እየወደቀ። ጅብራው። ቀስ ብሎ ሄደ፣ ድንጋይ እየጣለ ምልክት አደረገ። ጅብራው፣ የጣላቸውም ድንጋዮች ዙሪያውን ተሰብስበው። አለቀሰ፣ አይዋሽም፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጭጋጉ አልጨለመም፣ አልነጋም፤ ያው ነጭ ነው። አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት የቆየ መስሎታል።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ኔትወርክ መጥቶ ነበር፣ አንዲት መስመር። ባትሪው ሁለት ከመቶ ይላል። ቀኑን አየ፤ ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየ። ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት።

ቤት ደወለ።

"አባዬ!" አለች ናርዶስ ወዲያው፣ እየሳቀች። "መጣሁ አልኩህ እኮ! ጫማዬን እያደረግኩ ነው፣ አሁን ደግሞ በስልክ ታስቸኩለኛለህ?"

"ናርዱ፣ የት… በር ላይ ማን አለ?"

"አንተ ነሃ! ሦስቴ ጠርተኸኝ ላባውን በበሩ ሥር አስገባህልኝ፣ አሁን እጄ ላይ ነው።" ድምጿ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። "ግን አባዬ፣ ለምንድን ነው የራሰው?"

ይርጋ የሸሚዙን ኪስ ዳሰሰ። ላባው እዚያው ነው፣ ደረቅ።

"ናርዶስ ስሚኝ። እንዳትከፍቺ። በር ላይ ያለው እኔ አይደለሁም። እኔ ተራራ ላይ ነኝ፣ እንዳትከፍቺ!"

ከስልኩ ወዲያ፣ ከቆርቆሮው በር ውጭ፣ የራሱን ድምፅ ሰማ፤ ደከም ያለ፣ ከመንገድ የመጣ አባት ድምፅ።

"ናርዶስ!"

"አባዬ፣ እየፈራሁ ነው" አለች በሹክሹክታ። "ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ናችሁ።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ፣ በእናቴ ሞት እኔ ነኝ…"

"እንግዲያው እንዳስተማርከኝ አድርግ" አለች፣ ብልህ ልጅ ናት፤ "ሦስቴ ጥራኝ። ሦስቴ የጠራኝ አባዬ ነው።"

"ናርዶስ!" አለ ይርጋ። "ናርዶስ!"

ሦስተኛውንም ጠርቷታል፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ፤ ስልኩ ግን ጆሮው ላይ ጠፍቶ ነበርና እሷ የሰማችው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሁለቴ ጠርቶ ዝም የሚለው ማን እንደሆነ ደግሞ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው።