«ግቢ» እስክትባዪ

ተዋናይ ስለሆንኩ «ትወና ነው» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። በእኔ፣ በሞይራ ፔንሮዝ ላይ የደረሰ ነው። የምጽፍላችሁም መናገር ስለማልችል ነው።

ረቡዕ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ለንደን። የቀኑ ትርኢት ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።

በሙዚቃዊ ቴአትር ሁለት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተብዬ ተሸልሜያለሁ። ሽልማት ግን ጉሮሮ አይሆንም። የመጨረሻው ዘፈን ጫፍ ላይ ስደርስ ድምፄ መሰበር ከጀመረ ወራት አልፈዋል። አዘጋጁ ጠዋት ቁርጡን ነግሮኝ ነበር፤ ዛሬም ከተሰበረ ሚናው ለሌላ ይሰጣል።

ፈርቼ ነበር። በጣም።

ሳይታወቀኝ... አፏጨሁ።

ለዓመታት ያለበሰችኝ አሮጊቷ ግዌን ቀሚሴን ከእጇ ጣለችው።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? መልበሻ ክፍል ውስጥ ይፏጫል?»

«አምልጦኝ ነው።»

«ውጪ። ሦስቴ ዙሪና አንኳኪ። ‹ግቢ› እስክትባዪ እንዳትገቢ።»

ቴአትር ቤት የኖረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ መልበሻ ክፍል ውስጥ ማፏጨት ክፉ ዕድል ይጠራል፣ ማርከሻውም ይኸው ነው። እየሳቅኩ ወጣሁ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

በሩን ዘጋሁ። ዞርኩ... አንዴ... ሁለቴ... ሦስቴ።

አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

የግዌን አልነበረም።

የእኔ ነበር።

«ግዌን... ቀልዱ ይብቃ» አልኩ በሹክሹክታ።

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ከውስጥ ያለችው ሴት ሳቀች። እኔ ስስቅ መጨረሻ ላይ ያስለኛል።

እሷንም አሳላት...

ከበሩ ሳልርቅ ቆየሁ። ተዋንያን ወደ መድረክ ሲጠሩ በሩ ተከፈተ። ቀሚሴን ለብሳ፣ ዊጌን አድርጋ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ግዌን በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ግዌን... እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ እመቤት፣ ማንን ፈልገው ነው?»

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን «እርስዎ» ብላኝ አታውቅም።

በሩን ዘጋችብኝ።

መድረኩ ላይ የሚሆነው ሁሉ በኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። እዚያው ቆሜ ሰማኋት። የመጨረሻው ዘፈን ጫፍ ላይ ደረሰች...

አልተሰበረም።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ድምፁ የእኔ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ።

የወጣው ፉጨት ብቻ ነበር።

ከበሩ ጀርባ ግዌን ሳቀች። «ደግሞ አንቺ የምታፏጪው ማነሽ? ሦስቴ ዙሪና አንኳኪ።»

ዞርኩ። አንኳኳሁ።

እስካሁን «ግቢ» ያለኝ የለም።