ሶፋዋ አባቴ ደጅ የወደቀች ዕለት

ያኔ ቡታጅራ ውስጥ የሙስተፋን ሞተር የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ትልቅ የጃፓን ሆንዳ ነበረች። ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ ከኋላ የሚሳፈረው ሰው ደገፍ የሚልበት መደገፊያ ያላት፣ በጎንና በጎኗ ሻንጣ የሚያህሉ ሁለት ሣጥኖች የተሸከመች። ውኃ ሊቆፍር የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የሸጠለት። የከተማው ጎረምሳ «ሶፋ» የሚል ስም አወጣላት፤ በዚያው ቀረ።

ጊዜው 1990 ዓ.ም. ነው። በእኛ አገር ሞተር የሚነዳው የግብርና ሠራተኛ ነበር፣ እሱም የመሥሪያ ቤቱን። ነጋዴ ሲያልፍለት አይሱዙ ይገዛል። ሙስተፋ ግን የደራ የማረቆ በርበሬ ነጋዴ ሆኖ ሳለ ያለውን ሁሉ ሶፋ ላይ አፈሰሰ። አባቴ ሐጂ ሸረፋ ከጨርቅ ሱቃችን በር ላይ ሆኖ ባያት ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል።

«ልብ የለውም ይሄ ልጅ» ይላል።

እኔ ከኋላው ጨርቅ እያጠፍኩ እሰማለሁ።

አንድ ቀን አባቴ ለዙሁር ሰላት መስጊድ እንደሄደ ሙስተፋ ራሱ ሱቃችን ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምን ልስጥህ?»

«ወፍራም ጨርቅ። ፀሐይ የማያሳልፍ።»

«ለመጋረጃ ነው?»

«ለልብስ።»

«ለማን ልብስ?»

በአገጩ ወደ ውጭ አመለከተኝ። ሶፋዋ ግድግዳው ጥግ ቆማለች።

«ለሞተር ልብስ ልታሰፋ?» ሳቄ አመለጠኝ።

«ቀለሟን ፀሐይ እየበላው ነው። የሷ ዕቃ መርካቶ እንኳ አይገኝም። ከአሁኑ ካልያዝኳት…» አለ። ዓይኑን ከጨርቁ ላይ አላነሳም። ስስቅበት አፈረ፤ እሱ ሲያፍር እኔም አፈርኩ። ለካሁለትና አባቴ ቢኖር የማይሰጠውን ምርቃት ጨምሬ ቆረጥኩለት። እንዲህ ነው የጀመርነው፣ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን።

ከዚያ ወዲያ ሶፋዋ የምትፈልገው ጨርቅ አላልቅ አለ። ዛሬ መወልወያ፣ ነገ የወንበሯ ልብስ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የመወልወያው መጠቅለያ። ሁልጊዜ አባቴ ሰላት ላይ ሲሆን ነው የሚመጣው። እኔም የሰላትን ሰዓት ከሙአዚኑ እኩል አውቅ ጀመር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ኢንሴኖ ከተማ አክስት ነበረችኝ። «አክስቴን ልጠይቅ» ብዬ በጋሪ ከከተማው እወጣለሁ፣ ከዚያ ፊቴን በሻሽ ጠቅልዬ ሶፋዋ ላይ እወጣለሁ። አክስቴንም እጠይቃታለሁ፤ ግን ሙስተፋ በርበሬ ከሚገዛባት ከቆሼ ከተማ መልስ ነው። ሣጥኖቹ በርበሬ ስለሚይዙ መንገዱን ሙሉ አስነጥሳለሁ። ሙስተፋ ባስነጠስኩ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳል፣ ምን እንደሚያደርግልኝ ባያውቅም። ብዙ አናወራም ነበር። እሱ ስለ ሞተሯ ሲናገር ብቻ ምላሱ ይፈታል፤ እንደ መኪና ጎማዋን የሚያዞር የካርዳን ዘንግ እንጂ ሰንሰለት የላትም፣ ቤንዚኗ ከወንበሩ ሥር ነው፣ ብዙ መንገድ ብትሄድ አትግልም። ጀርባውን እያየሁ እሰማዋለሁ። ቀስ ብሎ በመስተዋቱ ያየኛል፤ ዓይናችን ሲገጣጠም ሁለታችንም ወደ መንገዱ እንመለሳለን።

አንድ ጊዜ ቆሼ አጠገብ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ቆምን። ሙስተፋ እግሩን ያሳረፈበት ጠጠር ተንሸራተተና ሶፋዋ ጋደም፣ ጋደም እያለች እኛን ይዛ ተኛች። ያን ዕለት ያፈረውን ማፈር ልነግራችሁ አልችልም። እንደ በሬ ከባድ ናት፤ ብቻውን ቢታገል ንቅንቅ አልል አለችው። ላቡን ጠርጎ፣ ፊቱን ከእኔ አዙሮ፣

«ባሂራ፣ ታግዢኛለሽ?» አለ።

«እንዴት ነው የምትነሳው?»

«ጀርባሽን ስጪያት። ወንበሯ ላይ እንደ መቀመጥ በይና በእግርሽ ወደ ኋላ ግፊ። በእጁ የሚጎትታት ሰው ወገቡን ነው የሚጎዳው።»

እሱ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከወንበሩ በኩል፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ገፋናት፤ ቆመች። እኛም ጀርባችንን እንደሰጠናት ትንሽ ቆየን። ትከሻው አልራቀም፣ የእኔም አልራቀም።

«ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ።

«አባቴ ሶፋህን አይወድም።»

«ልሽጣታ።»

ቀና ብዬ አየሁት። የምሩን ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ግን የሆነ ነገር ሲሰበር ታየኝ።

«አትሽጣት። መጀመሪያ ሰው ላክ» አልኩት።

ለአረፋ መርካቶ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። የሚያገባው፣ የሚያጋባው፣ የሚያስታርቀው በዚያው ሳምንት ያልቃል። ያን ዓመት አንድ የመርካቶ ነጋዴ ልጁን ይዞ ለአረፋ ሊመጣ፣ እኔን ሊጠይቅ እንደሆነ እናቴ ዘይባ ሹክ አለችኝ። አባቴም ልቡ ወደዚያው ነው። የሙስተፋ ሽማግሌዎች ቀድመው ካልመጡ እኔ መርካቶ ነኝ ማለት ነው።

ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። ሁለቱ የቡታጅራ ሰዎች ናቸው፤ በቀጠሮው ጠዋት ቤታችን ገብተው ተቀመጡ። ዋናው፣ ያለሳቸው ነገሩ የማይከፈተው፣ የሙስተፋ አጎት አባ ሰይዶ ግን ቆሼ ናቸው። በአረፋ ሰሞን መኪናው ሁሉ በሰውና በበግ ታጭቆ ሽማግሌ የሚያስገባ ጠፋ። ሙስተፋ ምን ያድርግ? በሶፋዋ ሄዶ አመጣቸው።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በሚላክበት ቀን ጠያቂው ልጅ በዚያ ሰፈር ዝር አይልም። ቢታይ ለራሱም ለቤተሰቡም ውርደት ነው። ልጅቷም ከጓዳ አትወጣም። ሙስተፋ ይህን ያውቃል፤ መታጠፊያው ጋ ሊያወርዳቸው ነበር ሐሳቡ። ሌሊቱን ግን የበልግ ዝናብ ዘንቦ ሰፈራችን ጭቃ ሆኗል።

«እኔ በነጭ ጀለቢያ ጭቃ አልረግጥም። እስከ በሩ አድርሰኝ» አሉት አባ ሰይዶ።

«ነውር ነው አጎቴ፤ እዚያ በር ላይ እንዴት እታያለሁ?»

«ራስህን ደፍተህ አውርደኝና ሂድ።»

ደረሱ። ሙስተፋ መቆሚያዋን ሳያወጣ አባ ሰይዶ ከበቅሎ እንደሚወርዱ አድርገው በአንድ ጎን ዘለሉ። ሶፋዋ ተከተለቻቸው። ሽማግሌውም ሶፋዋም ጭቃው ውስጥ፣ ልክ አባቴ በር ላይ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። የከተማችን ኤሌክትሪሺያን ክላክሷን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቶት ኖሯል፤ የክላክሱን መጫኛ መሬቱ ተጭኖት ቀረና ሶፋዋ ተኝታ ትጮህ ጀመር። ሙስተፋ የሞተሩን ቁልፍ ቢነቅልም ክላክሱ አልቆም አለ። ጎረቤት ወጣ፣ መንገደኛ ቆመ፣ ሱቅ ተዘጋ። አባቴና ሁለቱ ሽማግሌዎችም ወጡ።

እኔ በመስኮቱ አያለሁ። ሙስተፋ አንድ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ በሌላው ይጎትታል። ሰው ሁሉ ገብቶ ይጎትታል፤ አንዱ በመሪ፣ አንዱ በሣጥን፣ ሁሉም በእጁ። ሣጥኑ ተከፍቶ በርበሬው ተበተነ፤ ሠፈሩ በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣

«ራሱ መጥቶ ሊጠይቀን ነው በሉኛ» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ሙስተፋ እጁን ከፊቱ አወረደ። አልቅሶ ነበር። ያንን ሳይ እግሬ ከእኔ ሳይመክር ተነሳ።

«ወዴት ነው አንቺ ልጅ? ዛሬ አይወጣም» እናቴ ቀሚሴን ያዘች። አልቀርም አልኳት።

ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ሰውን ሁሉ በክንዴ ገፋ አድርጌ ሶፋዋን ጀርባዬን ሰጠኋት፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ እንደ ማለት አልኩ።

«መሪውን ያዝ» አልኩት። ያዘ። በእግራችን ወደ ኋላ ገፋናት። ተነሳች፣ ክላክሱም ቀጥ አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለ አባቴ።

መዋሸት እችል ነበር። እሱ ግን እንደዚያ ተዋርዶ አጠገቤ ቆሞ እያለ አፌ ለውሸት አልታዘዝ አለኝ።

«እሱ ነው አባባ። ቆሼ መንገድ ላይ አብረን ወድቀን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም፤ ያውም በእኔ። ከኋላ አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ ፈነዳ፣ ሌላው ተቀበለው። አባቴ ዞረ።

«ምን ያስቃችኋል?» አለ ዝግ ብሎ። «የልጄ ባል ነው። ሞተር ሲወድቅ አይታችሁ አታውቁም?»

ሳቁ ቆመ። አባ ሰይዶ ጭቃ እንደለበሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሐጂ፣ እኛ እኮ ገና አፋችንን አልከፈትንም።»

«ግቡና ክፈቱ። መጀመሪያ ግን ይታጠቡ» አለና ለአረፋ ያሰፋውን የራሱን ጀለቢያ እንዲያመጡላቸው አዘዘ። ሙስተፋ አንገቱን እንደ ደፋ ሶፋዋን እየገፋ ሄደ። ማስነሳቱን እንኳ አልደፈረም።

ሽማግሌዎቹ ጨርሰው ሲሸኙ እኔ ጓዳ ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀምጫለሁ። የምፈልገውን አግኝቼ እንዴት እንደማልደሰት ገርሞኛል። የአባቴ ፊት ነበር የሚታየኝ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እያልኩ ራሴን እበላለሁ። ኮቴውን ሰማሁ። ገብቶ የመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም።

«ያን ጊዜ ስትወድቁ ተጎድተሽ ነበር?» አለኝ።

ስድቡን ነበር የጠበቅሁት። እንባዬ መጣ።

«አልተጎዳሁም።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

«አረፋ ዕለት ሲመጣ ያቺን ነገር ደጅ እንዳያቆማት በይው። ግቢ ያስገባት፣ ሰው ይስቅብናል።»

«እሺ አባባ» አልኩ። ቀና ብዬ ግን ላየው አልቻልኩም።