ሽፋኑ የተገነጠለው መጽሐፍ

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። እኔን የሚያምን ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ይሄኛው ግን ሆኗል። በዓይኔ አይቻለሁ።

አምና ክረምት ነው... ሐሙስ ቀን... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጣና ዳር፣ ወደቡ ላይ።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ቃዥቻለሁ ብዬ እተወው ነበር። ፀሐይ ወጥታለች እኮ!

ነገሩን ከሥሩ ላምጣላችሁ።

ክንዱ እባላለሁ። ሥራዬ መጽሐፍ ማከራየት ነው። የጋሽ ኑርሑሴን ሱቅ በረንዳ ላይ ላስቲክ አነጥፍና እደረድራለሁ። ከፊት ቀይ ሽፋን ያላቸውን የርዕዮተ ዓለም መጻሕፍት አደርጋለሁ። የሚከራያቸው የለም፤ የቀበሌ ጥበቃ ሲያልፍ እንዲያያቸው ነው። ልብ የሚሰቅሉት ከኋላ ናቸው።

ክረምት ሲገባ ገበያዬ ይደራል። ትምህርት የለ፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣ... ሁሉም መጥቶ "ክንዱ፣ ለክረምት ምን ላንብብ?" ይለኛል።

እኔ ደግሞ ንባብ ላይ እንጃልኝ። መሠረተ ትምህርት ተምሬ የምስክር ወረቀት ወስጃለሁ፤ ግን አንዷን መስመር ለመጨረስ ጣቴን እያስኬድሁ ላብ በላብ እሆናለሁ።

ታዲያ ምን አደርጋለሁ? ሽፋኑን አይና ታሪኩን ከሆዴ አወጣዋለሁ! ሽጉጥ ካለ ግድያ፣ ቆንጆ ካለች ክህደት። ጣፋጩ ጋ ስደርስ ቀጥ። "ቀሪውን አንብበው!"

ሲመልስልኝ "ያልኸው ነገር እኮ የለበትም" ካለኝ "ዘለኸዋላ!" እለዋለሁ። አፍሮ ሌላ ይከራያል።

አንድ መጽሐፍ ግን አስቸግሮኝ ነበር። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ከተዛወረ ካድሬ ቤት በጅምላ ከገዛኋቸው አንዱ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል። ሥዕል የለ፣ ምን የለ... ምን ብዬ ልዋሽ?

ማክሰኞ ዕለት ወለላ መጣች።

ወለላ ጤና ረዳት ናት። ሐሙስ ሐሙስ በጀልባ ዘጌ እየተሻገረች ሕፃናት ትከትባለች። እሷ ስትመጣ እኔ አፌን አላውቀውም፤ ዝም ብሎ ይሮጣል።

"አንተ ቀጣፊ፣ ለክረምት ምን አለህ?"

ያንን ሽፋን የሌለውን አነሳሁላት።

"ይሄ ስላንቺ ነው።"

"ሂድ ወዲያ!"

"እውነቴን ነው! አንዲት ጤና ረዳት አለች። ሐሙስ ቀን በጀልባ ትሻገራለች። መሃል ሐይቅ ሲደርሱ ከሁሉም ኋላ አንድ ሰው ተቀምጧል... ልብሱ ርሷል። ዝናብ ግን አልዘነበም።"

መሳቋን ተወች።

"ማነው?"

"ማንም አያውቀውም። ሁሉም የሌላው ዘመድ ይመስለዋል።"

"ከዚያስ?"

ከዚያማ እኔም አላውቅም! ገና አልፈጠርሁትም። "ቀሪውን አንብቢው!"

"በጊዮርጊስ! ከነገ ወዲያ እሻገር የለ እንዴ? ሌላ ስጠኝ።" የፍቅር ነገር ያለበትን ወስዳ ሄደች።

ፋብሪካ የምትሠራው ደንበኛዬ፣ የብርጓል፣ በረንዳው ላይ ዝናብ ተጠልላ ትሰማ ነበር። "እኔ አልፈራም፤ ወዲህ በለው" ብላ መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀችኝ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የብርጓል ከፈረቃ ወጥታ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላዋለች።

"ዛሬስ አልዋሸህም" አለች።

"ምኑን?"

"ልክ እንዳልኸው ነው። ጤና ረዳቷ፣ ጀልባው፣ የራሰው ሰውዬ..."

ልስቅ አልሁ። ሳቄ አልመጣም።

"አትቀልጂ፣ የብርጓል።"

"ምን እቀልዳለሁ? ያንን መጽሐፍ አከራይ ግን ጠላሁት።"

"...የምን መጽሐፍ አከራይ?"

"መጽሐፉ ውስጥ ያለው ነዋ! ማንበብ የማይችለው።"

እናንተ... ማንበብ አለመቻሌን ለእናቴ እንኳን አልነገርሁም።

ጋሽ ኑርሑሴን ከውስጥ ሰምተው መነጽራቸውን እያስተካከሉ ወጡ። "እስቲ አምጪው፣ ልጄ።" ገለጡት። አነበቡ። ቀና ብለው ሁለታችንንም አዩን።

"ስለ ንብ እርባታ እኮ ነው" አሉ። "የግብርና መጽሐፍ ነው። ቀፎ እንዴት እንደሚጸዳ ይላል።"

"ምን ነካዎት፣ ጋሼ?" የብርጓል በትከሻቸው በኩል አጎንብሳ ጣቷን እዚያው ገጽ ላይ አደረገች። "ይኸው! 'ወለላ ከወንበሯ ዞራ ሰውዬውን አየችው' ይላል!"

"ወላሂ፣ እኔ የማየው ቀፎ ነው!"

ወለላ...

እኔ ስም ሰጥቻት አላውቅም። ስላንቺ ነው አልኋት እንጂ ስሟን አልጠራሁም።

"መጨረሻውስ?" አልሁ።

"አላነበብሁትም" አለች የብርጓል። "የኋለኞቹ ገጾች ርሰው ተጣብቀዋል። እኔ አይደለሁም ያራስሁት! ከወሰድሁት ጀምሮ ሳጥን ላይ ነው ያደረው።"

ነካሁት። ከባድ ነው። ቀዝቃዛ ነው። የጣና ሽታ ይሸታል... የደንገል፣ የዓሣ።

ጋሽ ኑርሑሴን በሹክሹክታ "ልጄ... ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

መሮጥ ጀመርሁ።

ዘንባባው ሥር፣ በጭቃው፣ በፈረስ ጋሪው መሃል... አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። አልተመለስሁለትም።

ወደቡ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሞተሩ ተነስቷል። ጀልባዋ ጢም ብላለች፤ ጆንያ፣ ዶሮ፣ ሰው በሰው ላይ።

የኋለኛው አግዳሚ ላይ ግን... አንድ ሰው ብቻ።

ሌላው ቆሞ እየተጋፋ ነው። እዚያ የሚቀመጥ የለም። ሰውዬው አቀርቅሯል፤ ፊቱ አይታይም። ከእጅጌው ውኃ ጠብ... ጠብ... ይላል።

ከፊቱ ወለላ ተቀምጣለች። ወደ እሱ ዞራ ታወራዋለች። ትስቃለች።

"ወለላ! ውረጂ!"

ቀና አለች። እኔን አየች። ወደ ሰውዬው ዞረች። እንደገና እኔን አየች። ፊቷ ላይ ሳቁ እንዳለ ደረቀ።

"ውረጂ አልሁሽ! ስለ ማርያም!"

ጀልባ ነጂው "ዛሬ ደግሞ ምን ፈጥሮ መጣ፣ ይሄ ቀጣፊ!" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ነጂው ገመዱን ፈታ።

እውነቱን ብናገር ማን ይሰማኛል? ደግሞ ምን ብዬ?

ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። ዋሸሁ።

"ጋሽ ኑርሑሴን ከመሰላል ወድቀዋል! ደም እየፈሰሳቸው ነው! እየሞቱ ነው!"

ደም ሲባል ወለላ ውሸትም ቢሆን አትቀመጥም። ሰውን እየገፈታተረች መጣች። ጀልባዋ ከድንጋዩ ስትላቀቅ ዘለለች። እጇን ያዝሁት።

ጀልባዋ ሄደች።

"ውሸት ነው" አልኋት። "ደህና ናቸው። ከፈለግሽ በጥፊ በይኝ።"

አልመታችኝም። እጇን ግን ከእጄ አወጣች።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጸጉሬን፣ ደረቁን ሸሚዜን፣ ባዶ እግሬን።

"እንዴት ወረድህ?" አለች፣ በሹክሹክታ።

"ከየት?"

"ከጀልባው።"

"እኔ አልተሳፈርሁም፣ ወለላ። ከሱቁ በሩጫ መምጣቴ ነው።"

"አትቀልድብኝ... አሁን እኮ ከኋላዬ ተቀምጠህ ስታወራኝ ነበር። ዘጌ ድረስ ልሸኝሽ አልኸኝ። 'ምን ሆነህ ነው እንዲህ የረጠብኸው?' ብልህ ሳቅህብኝ።"



"ምን... ምን ብዬ አወራሁሽ?"

"መጽሐፉን። ማክሰኞ ያቋረጥኸውን ጨረስህልኝ።"

"መጨረሻው ምን ይላል?"

  ወደ ሐይቁ ዞረች።

እኔም ዞርሁ።

ጀልባዋ ርቃለች። ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ ዘጌ አድርጓል። የኋለኛው ብቻ ወደኛ ዞሮ ቆሟል። ከዚያ ርቀት ፊቱ አይለይም።

ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳ።

ወለላ ከጎኔ ወደ ኋላ ሸሸች... አንድ እርምጃ፣ ሌላም። የምታየው እሱን አልነበረም። እኔን ነው።

ያኔ ነው ቀና ብዬ ያየሁት።

የኔም ቀኝ እጅ ወደ ላይ ተነስቷል። ማን እንዳነሳው አላውቅም። ላወርደው ብል እንቢ አለኝ።

ከእጅጌዬ ቀዝቃዛ ውኃ በብብቴ ይወርዳል...