በሲሊንደሩ ላይ ያለው ስም

ሱሀይላ በረዶውን በፌስታል ይዛ እያንጠባጠበች ወደ ወርክሾፑ ስትገባ የጋዝ መሳቢያው ማሽን ሥራ አቁሟል። ናስተሆ ቦርሳዋን አንግታለች።

«አለቀ» አለች ናስተሆ። «በረዶውን ለጭማቂ አድርጊው።»

የዕለቱ የተግባር ፈተና ከተበላሸ ፍሪጅ ውስጥ ጋዙን ወደ አየር ሳይለቁ ወደ ሲሊንደር መሳብ ነበር። ፍሪጁ ዋሄን በሚባለው የከተማው ገበያ ለስላሳ ሲያቀዘቅዝ የኖረ ነው፤ ጀርባው ላይ አራት መቶ ግራም ጋዝ እንደሚይዝ ተጽፏል። ሚዛኑም ልክ አራት መቶ ይላል። ሱሀይላ ስትወጣ ግን መቶ እንኳን አልሞላም ነበር። በረዶ ልትገዛ የሮጠችውም ሲሊንደሩ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ቶሎ ስለሚገባ ነው። አሥር ደቂቃ እንኳን አልቆየችም።

ጎንበስ ብላ አየች። የፍሪጁ ቱቦ ተፈትቶ ጫፉ ላይ ውርጭ ይዟል። ጥግ የቆመው ትልቁ የኤሲ ጋዝ ሲሊንደር አፉ ላብ አልቦታል።

«ጋዙን አየር ላይ ለቀቅሽው እንዴ?»

«አክስቴ በስምንት ሰዓት ኤርፖርት ትገባለች። ሄጄ ካልተቀበልኳት እናቴ ትገድለኛለች፣ ወላሂ! የጎደለውን ከኤሲው ሞላሁት። ጋዝ ጋዝ ነው፤ አታካብጂ።»

«የኤሲውና የፍሪጁ አንድ አይደለም! አንዴ ከተቀላቀለ እዚህ ማን ይለየዋል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

ሱሀይላ ተናደደች፤ ፈራችም። ሁለቱ ጅግጅጋ ከተማሩበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ናቸው። ይሄ ፈተናም ለሁለቱ አንድ ውጤት ነው የሚሰጠው። ደግሞም ለአባቷ ቃል ገብታለች፤ ዘንድሮ ከወደቀች ትምህርቱ ይቀርና አጎቷ ጨርቅ ቤት ትገባለች። አጎቷ ደግሞ አንድ ሜትር ጨርቅ ለመሸጥ አንድ ሰዓት የሚያወራ ሰው ነው።

መምህራቸው ደምሴ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ገቡ። ከድሬዳዋ ከመጡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ወርክሾፑንም አንድ ደንብ አስለምደውታል። ሲሊንደር የሚሞላ ሰው የጋዙን ዓይነትና የራሱን ስም በፕላስተር ጽፎ ይለጥፋል። «መመርመሪያ መሣሪያ የለንም» ይላሉ ሁልጊዜ። «ያለን ስም ነው።»

የዚህኛውን ሲሊንደር ፕላስተር ሱሀይላ ጠዋት፣ ገና ባዶ ሳለ ለጥፋዋለች። የፍሪጅ ጋዝ፣ ንጹህ፣ ሱሀይላ ይላል።

መምህሩ ሚዛኑን አዩ። ከዚያ ፕላስተሩን አነበቡ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም።

«ጎበዞች! ጠብታ እንኳን ያልባከነበት ሥራ ነው። ይሄን አሁኑኑ ሲስተር ሙልኪ ክሊኒክ እወስደዋለሁ። የክትባት ፍሪጇ ጋዙ አልቆ መድኃኒቱን ጎረቤት አስቀምጣለች። ነገ ጠዋት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

መፍቻ ሊያመጡ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገቡ። ናስተሆ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ክሊኒክ ይሄዳል ብዬ መቼ አሰብኩ» አለች በሹክሹክታ። «ምናልባት ይሠራ ይሆናል።»

«ሁለት ቀን ይሠራ ይሆናል። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ቢቃጠልስ?»

«ለቲቸር ከነገርሽ ሁለታችንም ወደቅን። ስለኔ ባታስቢ እንኳን ስለ ራስሽ አስቢ።»

ውጭ ናስተሆን ልትወስድ የመጣችው ባጃጅ ክላክስ አደረገች። ናስተሆ ወደ በሩ አየች፤ አልተንቀሳቀሰችም።

ሱሀይላ ስለ ራሷ አሰበች። ስለ አጎቷ ጨርቅ ቤትም አሰበች፤ እንባዋ መጣ። ከዚያ ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። ከጥቅሉ አዲስ ቆርጣ ሲሊንደሩ ላይ ለጠፈችና ማርከሩን አነሳች።

ድብልቅ ነው። ፍሪጅ ላይ እንዳይሞላ።

ሥር ላይ ስሟን ጻፈች። ከስሟ ቀጥሎ አንድ ስም የሚያስጽፍ ቦታ ቀርቷል። ማርከሩን ሳትከድን ጠረጴዛው ላይ፣ ናስተሆ ልትደርስበት በምትችልበት በኩል አስቀመጠችው።

ባጃጇ እንደገና ጮኸች። መምህሩ መፍቻውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ቲቸር» አለች ሱሀይላ፣ «ከማንሳትዎ በፊት ያንብቡት።»