የበሽተኛው ተራ

የክረምቱ ኮርስ ከምሳ በኋላ አንድ በሽተኛ ያስፈልገው ነበር፤ ዮአኪም ሎምቤቦም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጁን አወጣ። ከየካቶሊክ አጥቢያው፣ ከየቁምስናው፣ የተሰበሰቡት ሃይማኖት አስተማሪ ካቴኪስቶች ጠዋት ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ሲማሩ ያረፍዱና፣ ከሰዓት በኋላ ድሮ ክሊኒክ በነበረው፣ አሁን ግን የተሰበረ ወንበርና ያለፈው ዓመት የገና ግርግም በተከማቸበት ክፍል ውስጥ በሽተኛ መጠየቅ ይለማመዳሉ። አንዱ የብረት አልጋው ላይ ተኝቶ ይታመማል፣ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየገቡ ያጽናኑታል፣ አሠልጣኛቸው ሲስተር ሮዛሪያ ደግሞ ጥግ ቆመው ለርኅራኄያቸው ማርክ ይሰጣሉ። እጅ መያዝ ማርክ አለው፤ ሰዓት ማየት ያስቀንሳል። በሽተኛው ምንም አያገኝም። ዮአኪም ግን አስቦበታል፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ በቤተ ክርስቲያን ሙሉ ፈቃድ ማንቀላፋት ከማርክ ይበልጣል።

ማቃሰትም ይችልበታል። «ዮአኪሜ፣ አንተ እኮ መታመም ያምርብሃል!» አለችው ቴክላ፣ ከወንዝ ማዶ ቁምስና የመጣችው አፈኛ ካቴኪስት፣ ሰው ሁሉ እስኪስቅ። «ሲስተር፣ ይሄን ሰውዬ እንዲሁ ታሞ ይቅርልን!»

እሱም ሳቀ። የሚያስቀው ነገር ብዙ ነበር፤ ኮርሱ ሲያልቅ የሚሰጠው ሰርተፊኬት የቁምስናውን ካቴኪስቶች ሁሉ አስተባባሪ ያደርገዋል፣ አስተባባሪ ደግሞ ሞተር ሳይክል አለው፤ ሞተር ያለው ሰው ጭቃ አይረግጥም፣ ኮረብታ አይወጣም፣ ያልወጣበትንም ምክንያት ለማንም አያስረዳም።

አልጋው የክሊኒኩ ዘመን ቅሪት ነው። ሽቦው መሃሉ ላይ ረግቦ የሰው ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ሠርቷል፤ ጎድጓዳው ግን ለእሱ አጭር ነበር፣ በጎኗ ተኝታ ጉልበቷን የምታጥፍ ትንሽ ሴት ለዓመታት የቀረጸችው ይመስል፤ እግሩን ሲዘረጋ ከቅርጹ እየወጣ ብረቱ ይቆረቁረዋል፣ ሲያጥፍ ይመቸዋል። ትራሱም ገና ሲጋደም ሞቃት ነበር። ከእሱ በፊት አንዱ ሰነፍ አረፍ ብሎበት ይሆናል ብሎ አለፈው። ሽታውንም አለፈው፦ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ከእርጥብ ሱፍ ጠረን ጋር ተደባልቆ የሚመጣ የጤና አዳምና የከረመ የራስ ቅቤ ሽታ፣ ዓይን ሲጨፈን የሚቀርብ፣ ሲገለጥ የሚርቅ።

ያላለፈው ቦቲውን ነው። ሁልጊዜ አውልቆ አልጋው ሥር ያኖረዋል፤ የግራው ተቀዶ በብስክሌት ከመነዳሪ ስለተለጠፈ ሲራመድበት ቀኙ ዷ ይላል፣ ግራው ጭቅ ይላል፣ ሰው ሳያየው በድምፁ ያውቀዋል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከአልጋው ሲነሣ ቦቲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በቀይ ጭቃ ተለውሶ አገኘው። የግቢው መሬት ጠጠር የለበሰ ጥቁር አፈር ነው።

«እኛ ስንጸልይልህ አንተ ትዞራለህ?» አለች ቴክላ ጎንበስ ብላ አይታ። «ለመሆኑ የት ደርሰህ መጣህ?»

ዮአኪም ጭቃውን በጣቱ ፋቅ አድርጎ አየው። ያን ቀይ ጭቃ ያውቀዋል፤ ከእሱ ቀበሌ ኮረብታ በቀር የትም አይገኝም። ኮረብታው ደግሞ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ከዚያ ኮረብታ አናት፣ እማማ ቬሮኒካ የሚባሉ አሮጊት ዛሬ ነገ መሞቴ ነውና ቄሱ መጥተው ቅዱስ ዘይት ቀብተው ምሥጢረ ቀንዲል ይስጡኝ፣ ያቁርቡኝ እያሉ ደጋግመው ልከውበት ነበር። መልእክቱን ለቄሱ ለአባ ጳውሊኖስ ማድረስና መንገድ መምራት የካቴኪስቱ ሥራ ነው። ጭቃው ጉልበት ይደርስ ነበር። ዮአኪም ለተላከው ሰው ሁሉ «ነገ እንመጣለን» ይል ነበር፤ አባ ስለ አሮጊቷ ሲጠይቁት ደግሞ «ጠይቄያቸዋለሁ፤ ተሽሏቸዋል» ይል ነበር፣ ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ በደጃቸው ሲያልፍ ቦቲውን ሰምተው ከውስጥ «ማን ነው?» አሉ፣ ድምፃቸው በተስፋ ቀጥኖ። እሱም ቆመ፤ የዣንጥላው ውሃ ደፋቸው ላይ ሲንጠባጠብ ትንሽ አዳመጠና፣ መልስ ሳይሰጥ ቁልቁል ወረደ። ሲሞቱ ፊታቸው ወደ በሩ ዞሮ ነበር አሉ። በቀብራቸው ላይ ስለ ትዕግሥት ያደረገው ንግግር ብዙ ሰው አስለቅሷል፣ አባም ለዚህ ኮርስ የመረጡት ከዚያ ንግግር በኋላ ነው።

ቀዩን ጭቃ ቦቲው ላይ ካየበት ቀን ጀምሮ በሽተኛ የመሆኑን ነገር ለሌላ ሊለቅ ሞከረ። ሲስተር ሮዛሪያ ግን ቀጭን ጣታቸውን አወዛወዙ፦ «አንተ ተክነህበታል፤ አሁን ማንን ላስለምድ? ፈተናው ደርሷል፣ ተኛ።» ተኛ። አሁን ግን እንቅልፍ አልመጣ አለው፤ ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው ሰቅሎ ዝናቡን ያዳምጣል፣ ከዝናቡም ሥር፣ በረንዳው ላይ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ እርምጃ ይሰማል፦ ዷ፣ ጭቅ፣ ዷ፣ ጭቅ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ የሚል። እጁን ወደ አልጋው ሥር ሰድዶ ሲዳስስ ቦቲው አልነበረም። ሲነሣ ግን ቦታው ላይ ነበር፣ ትኩስ ጭቃ ለብሶ፣ ውስጡ የሰው እግር ገና የወጣለት ያህል ሞቆ።

የፈተናው ቀን ሰማዩ ከምሳ ጀምሮ ጠቆረ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሲስተር ሮዛሪያ መስኮቱ ላይ አንድ ሻማ አበሩ፤ የግርግሙ በጎችና እረኞች ከተሰበሩት ወንበሮች መሃል ጥላቸውን ግድግዳው ላይ ዘረጉ። ዮአኪም ጋደም እንዳለ ጉልበቱ ሳያዘው ታጠፈ። ጎድጓዳው ዛሬ ልኩ ሆነ። ከጀርባው፣ በግድግዳው በኩል፣ አልጋው ቀስ ብሎ ሲረግብ ተሰማው፣ አንድ ቀላል ሰውነት ለመመቻቸት ጠጋ እንደሚል፤ ከዚያ የመቁጠሪያ ፍሬ እርስ በርሱ የሚጋጭበት ደቃቅ ድምፅ፣ ከዚያም ማጅራቱ ላይ ጤና አዳም ጤና አዳም የሚሸት ቀዝቃዛ ትንፋሽ። ሊዞር ፈለገ፤ አንገቱ እንቢ አለው።

ቴክላ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልቀለደችም። እጇን ዘረጋች፣ የእሱን እጅ አልፋ፣ በደረቱ ላይ ተሻግራ፣ ከጀርባው በኩል ያለውን እጅ ያዘች።

«አይዞዎት እማማ» አለች። «ማንም ሳይመጣ ቆየ፣ አይደል?»

ለማርክ ስትል ነው ብሎ አሰበ፣ ወይም እንደዚያ ሊያስብ ታገለ። ሴትዮ፣ አሮጊት አደረግሽኝ እንዴ ሊላት ፈልጎ ከንፈሩን አላቀቀ፤ ከጉሮሮው የወጣው ማቃሰት ብቻ ነበር፣ ለዚያውም ከዚህ በፊት አስመስሎት የማያውቀው ዓይነት። ሲስተር ሮዛሪያ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ።

«በቃ፣ በቃ!» አሉ በመጨረሻ እያጨበጨቡ። «ተነሥ ዮአኪም፣ ዛሬስ በእውነት አስጨነቅኸን። ሁላችሁም ወደ አዳራሽ፣ ሰርተፊኬት ልንሰጥ ነው።»

ተነሥ የተባለው ተነሣ፤ ከጀርባው። አጥንት ብቻ የሆነ ጉልበት ጎኑን ተደግፎ፣ ላዩ ላይ ተሻግሮ፣ ሁለት እግሮች ወለሉን ረገጡና በቦቲው ውስጥ ገቡ። ዮአኪም ያየው የተነሣውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው፦ የራሱን ግራጫ ኮት፣ የራሱን ሰፊ ትከሻ፣ የራሱን ማጅራት፤ ማጅራቱ ግን በሻማው ብርሃን በቅቤ ያብረቀርቅ ነበር። ኮቱን ከላዩ ላይ መቼ እንዳወለቁት አልተሰማውም።

«ተሻለህ እንግዲህ!» አለች ቴክላ፣ ሳቋ ተመልሶ።

«ተሻለኝ እህቴ» አለ የራሱ ድምፅ፣ እየሳቀ።

ሻማውን አጥፍተው ወጡ፤ እርምጃቸውም የቦቲውን ድምፅ መሃሉ ይዞ ራቀ፣ ዷ፣ ጭቅ፣ ዷ፣ ጭቅ። ዮአኪም አልጋው ላይ እግሩን ሊዘረጋ ሞከረ፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ ቀረ። እጁን ወደ ዓይኑ ሲያቀርብ በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ሥሩ የገነነ፣ ቆዳው የተሸበሸበ፣ መቁጠሪያ የተጠመጠመበት ትንሽ እጅ አየ። የሚታየው በሩ ብቻ ነበርና ፊቱ ወደ በሩ ዞሮ ቀረ፣ ዝናቡም ወረደ፣ ከዝናቡ ማዶ አዳራሹ ውስጥ ስሙ ሲጠራ ሰማ፣ ጭብጨባውን ሰማ፣ የሞተሩን ቁልፍ ተቀብሎ ሲያመሰግን ድምፁን ሰማ፤ ስለ ትዕግሥት ነበር የሚናገረው።

ከዚያ ቦቲው ተመልሶ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ፣ የዣንጥላ ውሃም ደፉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ዮአኪም የቀረችውን ትንፋሽ ሁሉ ሰበሰበ።

«ማን ነው?» አለ፣ በተስፋ በቀጠነ የአሮጊት ድምፅ።

መልስ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ የሲስተር ሮዛሪያ ድምፅ ከበረንዳው ጫፍ ተሰማ፦ «ዮአኪም፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የቀረ ሰው አለ እንዴ? የተጣራ መሰለኝ።»

ከበሩ ውጭ ያለውም በዮአኪም ትሑት ድምፅ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ «ጠይቄያቸዋለሁ፤ ተሽሏቸዋል» አላቸው።