የተጠመቀው ፕሎተር

«ቁረጥ አልኩህ እኮ!»

ጋሼ አድማሴ ማሽኑን እንደ ሰው ተቆጡት። ማውዙን አሁንም አሁንም ይጫናሉ። ስቲከር መቁረጫው ፕሎተር አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ዝም ብሏል። ቢላዋው የተሰካባት ትንሿ ሳጥን ዳር ላይ እንደቆመች ንቅንቅ አላለችም፤ ከሥሯ የተዘረጋው ቀይ ስቲከር ጭረት እንኳ አልነካውም።

ባንችይርጋ ከትምህርት ቤት መምጣቷ ነበር። የደብተር ቦርሳዋን እንዳነገተች በሩ አጠገብ ቆመች። ቅዳሜ ይኸው ማሽን ሲቆርጥ በዓይኗ አይታለች፤ ቢላዋው ሲር ሲር እያለ ሄዶ ሲመለስ፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ። ዛሬ ማክሰኞ ግን ወፍ የለም።

«አባባ፣» አለ ልጃቸው ሙሉሃብት ከጥግ በኩል፣ «ጸበሉ ገብቶበት እንዳይሆን?»

ጋሼ አድማሴ ቀስ ብለው በፕሎተሩ ክዳን ላይ ጎንበስ አሉ። ትናንት ጧት የተረጨው ጸበል ደርቆ ነጠብጣብ ጥሎበታል። በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

ጋሼ አድማሴ የባንችይርጋ እናት ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የላሊበላን ታፔላ በብሩሽና በቀለም ሲጽፉ ኖረው፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ይህችን የቆርቆሮ ሱቅ አገኙ። ፕሎተሩን ያመጡት ከደሴ ነው፤ አሮጌ ነው፣ ብዙ እጅ ዞሯል። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ የሱ ወፍራም ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ስለሌለ፣ ምስጋኑ የሚባል ቴክኒሻን አብሮ መጥቶ አዳፕተር አደረገለት። አዳፕተሩ በአንድ ጫፉ እንደ ፍላሽ ይሰካል፣ በሌላው ጫፉ የማሽኑን ገመድ ይቀበላል። ምስጋኑ ቅዳሜን ሙሉ ሲታገል ውሎ፣ አሮጌውንና አዲሱን አስታርቆ ወደ ደሴ ተመለሰ።

ሰኞ ጧት የቤተሰቡ የነፍስ አባት፣ አባ ወልደ ኪዳን፣ መጥተው ሱቁን ባረኩ። አዲስ ሥራ ሳይባረክ አይጀመርማ! የአባ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ጸበሉ ትንሽ በዛ፤ ግድግዳውም፣ ፕሎተሩም፣ ራሳቸው ጋሼ አድማሴም ድርሻቸውን አገኙ። ያን ጊዜ መብራት በፈረቃ ነበርና፣ ሰኞ ደግሞ የሌላው ሰፈር ተራ ስለነበር፣ ማሽኑን የሞከረው ሰው አልነበረም።

«ውሃ ነክቶታል እንዴ?» የምስጋኑ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይቆራረጣል።

«ጸበል ነው እንጂ ውሃ አይደለም፣» አሉ ጋሼ።

«ያው እርጥብ ነው አይደል? ቦርዱ ተቃጥሏል በቃ።»

ስልኩ ተቋረጠ። ጋሼ አድማሴ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። አንድ ሆቴል ያዘዛቸው ታፔላ ለገና ካልደረሰ ባለቤቱ ወልድያ ወስዶ እንደሚያሠራ ነግሯቸዋል። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባቸውና ፊታቸው ቀላ።

«እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጸበል ይዞ ምን ይዞራል!» ብለው ጮኹ። «ከእንግዲህ አባ ወልደ ኪዳን እዚህ ደጅ እንዳይደርሱ! የነፍስ አባትም ከሆነ እለውጣለሁ!»

የነፍስ አባት መለወጥ በነሱ ቤት ሚስት ከመፍታት አይተናነስም። ባንችይርጋ ደነገጠች። ወደ ሙሉሃብት ዞር ስትል፣ የአጎቷ ልጅ ጫማውን ትክ ብሎ እያየ ነበር። ጫማው ላይ የሚታይ ነገር የለም። ያኔ ነገሩ ገባት።

እሑድ ጋሼ አድማሴ ሰንበቴ ተራቸው ነበር። ሲወጡ የሱቁን ቁልፍ ለሷ ሰጧት። «እኔ በሌለሁበት ማሽኑን የነካ ሁለተኛ እዚህ ሱቅ አይገባም፤ ቤቴም አያድርም። ሙሉን አላምነውም፣ አንቺን ነው የማምነው፣» አሏት። ሙሉሃብት ፍላሹን እያሽከረከረ ከተፍ ያለው ወዲያው ነው። «አቦ ባንቺ፣ ሁለት ደቂቃ! ዘፈን ገልብጬ ልውጣ!» የሱ ሁለት ደቂቃ መቼም አታልቅም። እሷም ከፈተችለት። አዳፕተሩም ፍላሹም የሚሰኩባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ከኮምፒውተሩ ፊት ጎን ለጎን ናቸው፤ አዳፕተሩ ወፈር ያለ ስለሆነ ጎረቤቱን ይጋርደዋል። ሙሉሃብት አዳፕተሩን ነቅሎ ፍላሹን በቦታው ሰካ። ሲጨርስ አዳፕተሩን መልሶ ሲሰካ አይታዋለች። መለሰው፣ አለቀ ብላ ቤቱን ጠርጋ ዘጋች።

ረቡዕ ወሬው ከተማውን ሞላ። በእረፍት ሰዓት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ከአጥሩ ሥር ተሰብስበው ይንከተከታሉ።

«አባ ፕሎተር አጠመቁ አሉ!»

«ክርስትና ስሙ ማን ተባለ?»

«ገብረ ስቲከር!»

ባንችይርጋም ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ከአጥሩ ውጭ፣ በመንገዱ ዳር፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው የቆሙትን ሰው አየች። አባ ወልደ ኪዳን ነበሩ። ሰምተዋል። ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርገው፣ በዝግታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወረዱ። ባንችይርጋ በራሷ አፈረች። ሳቋ አፏ ውስጥ መረረ።

ሙሉሃብትን ከክፍል ሲወጡ ያዘችው።

«ለአባትህ ንገራቸው፣» አለችው። «አዳፕተሩን የነቀልከው አንተ ነህ።»

«ማን ከፈተልኝ?»

«እኔ። አንተ ግን የጸበሉን ነገር አመጣህ።»

«ምን ልበል ታዲያ? ተበላን እኮ!» ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ባንቺ፣ እኔን አባባ ቢያገኘኝ በቀበቶ ነው፤ ያልፋል። አንቺን ግን ቅዳሜ ለገበያ ከሚመጡት ያገርሽ ሰዎች ጋር ነው የሚልክሽ። ለኔ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

ለራሱ ብሎ ነው። ግን ያለው ነገር እውነት ነበር። የሷ አገር ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ ማዶ ነው፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። አባቷ ከተማ እንድትማር እሺ ያሉት አድማሴ ቤት ስለምታድር ብቻ ነው። ጋሼ ሂጂ ካሏት ሌላ ማደሪያ የላትም። ከሷ ጋር ስምንተኛን የጨረሱ ሁለት ጓደኞቿ አሁን እንጨት ለቅመው፣ ውሃ ቀድተው ነው የሚውሉ። ያን ሌሊት... አይ፣ ሌሊቱን እንኳ ተወት እናድርገው፤ ቀኑም ቢሆን አልገፋ ብሏት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት መብራት መጣ። ጋሼ አድማሴ የሆቴሉን ባለቤት ሊለማመጡ ሄደዋል። ባንችይርጋ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሙሉሃብት በሩ ላይ ቆሞ አባቱ እንዳይመጡ ያያል።

«ምን ልታደርጊ ነው? ቦርዱ ተቃጥሏል ተብሏል እኮ።»

«ምስጋኑ ሳያየው ነው ያለው።»

ቅዳሜ ምስጋኑ ሲሠራ ከጀርባው ቆማ ነበር። አዳፕተሩን ከሰካ በኋላ አንድ ዝርዝር ከፍቶ፣ ኮምፒውተሩ ለአዳፕተሩ የሰጠውን ቁጥር ፈለገ። ኮም ሦስት ይላል። ከዚያ የመቁረጫውን ፕሮግራም ከፍቶ «ወደ ሦስት ላክ» አለው። ባንችይርጋ ያንኑ ዝርዝር ከፈተችው። ሦስት የለም። ኮም አምስት ይላል።

አዳፕተሩን አየችው። በቀኙ ቀዳዳ ነው የተሰካው። ቅዳሜ ግን በግራው ነበር።

«ሙሉ፣ ና እስቲ። በየቀዳዳው የተለያየ ቁጥር ነው የሚሰጠው። አንተ ስትመልሰው ሌላኛው ላይ ሰካኸው። ፕሮግራሙ እስካሁን ወደ ሦስት ነው የሚልከው፤ ሦስት ላይ ደግሞ ማንም የለም።»

ነቀለችው፤ በግራው ሰካችው። ዝርዝሩ ላይ ሦስት ብቅ አለ። ከስቲከሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን እንዲቆርጥ አዘዘችው።

ሲር።

ሳጥኗ ሮጠች፣ ዞረች፣ ተመለሰች። ባንችይርጋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ደስታው እንባ በእንባ ሊያደርጋት ምንም አልቀረው። ሙሉሃብት ዘሎ ትከሻዋን ያዛት።

«ተረፍን! አንቺ እኮ ጉደኛ ነሽ! በቃ፣ ደረቀ እንላለን። ውሃ ነበር፣ ደረቀ፣ ሠራ። ማንም ምንም አይጠይቅ!»

«አባስ?»

«አባ ምን ይሆናሉ? ማሽኑ ከሠራ ማን ያስታውሰዋል?»

ደረቀ እንላለን። እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው! ማንም አይመታም፣ ማንም አይሄድም። ባንችይርጋ እሺም እምቢም አላለች፤ ለሙሉሃብት ይህ እሺ ማለት ነበር።

ወዲያው ከውጭ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ አድማሴ ናቸው። ከኋላቸው ደግሞ ጥቁር ጃንጥላ።

«ይፍቱኝ አባ፣» አለች ባንችይርጋ መስቀሉን እየተሳለመች።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ።» አባ ወልደ ኪዳን አልተቀመጡም። ሱቁ ውስጥ ብዙ መግባትም የፈሩ መሰሉ። «አድማሴ ልጄ፣ መንገድ ላይ እምቢ አልከኝ እንጂ፣ ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁ። ዕቃህን አበላሸሁብህ።»

ጋሼ አድማሴ ፊታቸውን እንዳዞሩ «እህ» አሉ።

«አባባ!» አለ ሙሉሃብት ዓይኑ እየበራ። «እስቲ አሁን ይሞክሩት። ደርቆ ሊሆን ይችላል እኮ!»

ጋሼ ጠረጠሩት፤ ግን ተቀመጡ፣ ጫኑ። ሲር ሲር ሲር። የሆቴሉ ስም፣ ትልልቁ ፊደል፣ ከነመስመሩ፣ ከነአበባው፣ ቀዩ ስቲከር ላይ ወጣ። ከዚያ ጋሼ አድማሴ ዘለው ተነሡ፣ ፕሎተሩን ሳሙት፣ ልጃቸውን ሳሙ፣ የአባንም መስቀል ተሳለሙ።

«ደርቆ ነው! ደርቆ ነው እኮ! አባ፣ ያለፈው አልፏል። ይቅር ብዬዎታለሁ!»

ይቅር ብዬዎታለሁ። ባንችይርጋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አባ ግን ፈገግ አሉ።

«ተመስገን። ተገላገልኩ።» የቀኝ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ይንቀጠቀጣል። «ትምህርትም ሆነኝ። እጄ አርጅታለች፣ አልታዘዝ ብላኛለች። ወዲያ ማዶ ሁለት ቤት ባርኩልን ብለውኝ ነበር፤ አልመጣም ብያቸዋለሁ። ከእንግዲህ ጸበሉን ወጣቶቹ ካህናት ይርጩ፣ እኔ ጸሎቴን ልያዝ።»

«ደግ አደረጉ፣» አሉ ጋሼ አድማሴ ስቲከሩን እየላጡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። «ለኤሌክትሪክ ዕቃ ጥንቃቄ ነው የሚያስፈልገው።»

ሙሉሃብት ለባንችይርጋ በዓይኑ ጠቀሳት። አለቀ ማለቱ ነው። አባ ወልደ ኪዳን ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ። ጀርባቸው ከሰኞው ይልቅ ጎበጥ ብሎ ታያት። ስንት ዘመን ቤት ለቤት ሲባርኩ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ ባልሠሩት ጥፋት ይቅር ተብለው፣ ሥራቸውንም ለሰው ትተው ሊወጡ ነው።

«አባ፣» አለች፣ «ትንሽ ይቆዩ።»

አዳፕተሩን ይዛ ነቀለችው።

«ምን አደረግሽ አንቺ!» ጋሼ አድማሴ ስቲከሩ ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ባንችይርጋ አዳፕተሩን በቀኙ ቀዳዳ ሰካችው። «ጋሼ፣ አሁን ቁረጥ ይበሉት።»

«አበድሽ?»

«ይበሉት እባክዎ።»

ጫኑ። ፕሎተሩ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ዝም አለ። ደግመው ጫኑ። አሁንም ዝም። አባ ወልደ ኪዳን ከበሩ ተመለሱ፤ ዓይናቸው ከማሽኑ ወደ ልጅቷ ይመላለሳል።

«ቀዳዳው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፣ ትእዛዙ አይደርሰውም፣» አለች ባንችይርጋ። «በመጀመሪያው ሲሰካ ይሠራል። ጸበሉ ምንም አላደረገውም። ማክሰኞም፣ ሰኞም፣ ምንም አላደረገውም።»

ጋሼ አድማሴ አዳፕተሩን አዩ። ልጃቸውን አዩ። እሷን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ማን ነው ከቦታው የነቀለው?»

የሙሉሃብት ከንፈር አመድ መሰለ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ ስሙን መጥራት ብቻ። ከዚያ ቃል በፊት ግን የሷ ድርሻ አለ፤ እሱን ዘልላ ማለፍ አልፈለገችም። አዳፕተሩን እንደገና ነቅላ በመዳፏ ያዘችው።

«እሑድ፣ እርስዎ ሰንበቴ ሲሄዱ፣ ያመኑኝን ትቼ ሱቁን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣» አለች። «የኔ ይኸው ነው። የቀረውን ሙሉሃብት ይንገርዎት።»

ዞራ አላየችውም። ዓይኗን ከአጎቷ ሳታነሣ፣ የሚሉትን እስኪሉ ድረስ ቆማ ጠበቀች።